ሲበላሽ ማን ይደርስበታል?

ከዛሪማ የሥራ ማስታወሻ፣ 2011 ዓ.ም.

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

ከደባርቅ ተነሥተን፣ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ የገባነው ከቀትር በፊት ነው። ብርዱ ከላይ ቀርቷል፤ እዚህ ሙቀቱ ገና በረፋዱ ሹራብ ያስወልቃል። ሥራው ዋናው መንገድ ዳር፣ ተዳፋት ላይ የሚቆም ባለ ሁለት ፎቅ የንግድ ቤት ነው። ፊቱ ሱቆች ይሆናሉ፤ ከሥሩ ለሰሊጥና ለእህል መጋዘን የታሰበ ቤዝመንት አለ። ቁፋሮው አልቋል። የጀርባው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የፊቱ ወገን ወደ ቁልቁለቱ ክፍት ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ የተቆረጠውን አፈር አየሁት። ከላይ የተደለደለ አፈር፣ ቀጥሎ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ዋልካ፣ ከዋልካው ሥር ጠጠር የተቀላቀለበት ቡናማ አፈር። ዋልካውና ጠጠራማው አፈር በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ በአንደኛው ጥግ፣ በበጋው ማብቂያ እንኳ አፈሩ ርጥብ ነው። ዘገን አድርጌ ስጨብጠው መዳፌን አረጠበው።

ባለቤቱ፣ አገሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው የሰሊጥ ነጋዴ፣ ከአፋፉ ላይ ሆነው «ኢንጂነር፣ የትኛው ዋተርፕሩፍ ይሻለናል?» አሉኝ። አንድ ወዳጃቸው ጥቁሩን ጥቅል ሜምብሬን አመስግኖላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ በብሩሽ የሚቀባውን። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልወቅ» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ የጠበቁት ዋጋ ነበር።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

ዛሬ ሜትርና ደብተር ብቻ ይዤ ሰፈሩን ስዞር ዋልኩ። ከእኛ በላይ ባለው ግቢ የእጅ ጉድጓድ አለ። የግቢው እናት «በሐምሌማ ጎንበስ ብለን ነው የምንቀዳው፤ አሁን ገመዱም አልበቃን» አሉኝ። የጉድጓዱ ድንጋይ ላይ የክረምቱ ውሃ የደረሰበት አረንጓዴ መስመር ይታያል። በውሃ ልክ ቱቦ ወደ እኛ ቦታ አሻግሬ ስለካው መስመሩ ከቤዝመንቱ ወለል ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ግድግዳችን በክረምቱ ወራት ከጀርባው የቆመ ውሃ ይኖረዋል ማለት ነው። የአፈር ምርመራ ወረቀቱ የተሠራው በየካቲት ነው፤ «የከርሰ ምድር ውሃ አልተገኘም» ይላል። ለየካቲት ትክክል ነው።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ድሮ የሚያልፍበትን ቦይ አሳዩኝ። አሁን አጥር ተሠርቶበታል። ጎርፉ ግን መሄጃ አላጣም፤ በእኛ ቦታ ጥግ በኩል ይዞራል።

ማታ ደብተሬ ላይ ውሃዎቹን ለየሁ። አንዱ በገጸ ምድር የሚወርድ ጎርፍ፣ ሁለተኛው በአፈር ንብርብር መሐል የሚሰርግ፣ ሦስተኛው ከሥር ከፍ የሚል የከርሰ ምድር ውሃ፣ አራተኛው ቤቱ ራሱ የሚያመጣው፦ የሽንት ቤት ቱቦ፣ የታንከር ፍሳሽ፣ የጣሪያ ውሃ። አራቱን በአንድ ጣሳ የሚያስቆም መድኃኒት የለም። የመጀመሪያውን በቦይ ነው የምታስቀረው፤ አራተኛውን በጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ። ስለ ሜምብሬንና ስለ ኮንክሪት የሚያነጋግሩን መካከለኞቹ ሁለቱ ናቸው።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ፤ ጎንደር

ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ሱቆቹ ሥራ ጀምረዋል። አንዱ ሻጭ ባለ 4 ሚሊ ሜትር የሬንጅ ሜምብሬን አወጣልኝ። ሌላው ዱቄቱና ፈሳሹ ተበጥብጦ በብሩሽ የሚቀባ የሲሚንቶ ውህድ አሳየኝ። ሦስተኛው ሚክሰር ውስጥ ከኮንክሪቱ ጋር የሚጨመር ዱቄት አለው። ሁሉም ስለ ዕቃቸው የሚሉት በቦታው እውነት ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ግን ግድግዳውን በየትኛው ወገን እንደማለብሰው አልጠየቁኝም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጓደኛዬ እሱ የሚያስተዳድረውን የንግድ ሕንፃ ቤዝመንት እንዳይለት ወሰደኝ። ግድግዳው ከውስጥ በኩል ሁለት ጊዜ ተቀብቷል። ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጧል። አንዱን እብጠት በቁልፍ ወጋ ሳደርገው ውሃ ፈሰሰ፤ ቆዳውን ስገሸልጠው ከኋላው ነጭ የጨው ዱቄት ወጣ። ጓደኛዬ «ሌላ የተሻለ ቀለም አለ ወይ?» አለኝ። ነገሩ የቀለሙ ዓይነት አይደለም። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ ያለውን እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በአንድ ቶን ይጫናል። ከውጭ የተለበሰን ነገር ያ ጭነት ወደ ግድግዳው ያጣብቀዋል፤ ከውስጥ የተቀባውን ግን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ከውስጥ ሲሠራ ከኮንክሪቱ ጋር የሚዋሐድ የሲሚንቶ ዘር ብቻ ነው ትንሽ የሚቋቋም፤ እሱም ቢሆን ምንጩ ካልተቃለለለት ብዙ አይቆይም።

ወደ ማደሪያዬ ስሄድ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር አለፍኩ። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁር ግንበኞቹ ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስገባል፤ መልሶም ያስወጣል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ግንቦቹ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥገና ያንን እያነሣ በኖራ ተካው። ሲሚንቶው ከኖራው ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ የገባ እርጥበት በሲሚንቶው በኩል መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ድንጋዩንም ያረግፈዋል። ያ የተሳሳተ ምርጫ ሊታረም የቻለው ግንቡ ከመሬት በላይ ስለሆነ ነው፤ ሰው መሰላል አቁሞ ይደርስበታል። የዛሪማው የጀርባ ግድግዳ ግን አፈር ከተመለሰበት በኋላ መሰላል የለውም።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

እንግሊዞች በቢኤስ 8102 ደንባቸው ከመሬት በታች ያለን ሥራ ከውሃ የሚጠብቁበትን መንገድ በሦስት ይከፍሉታል፦ መዋቅሩን ማልበስ፣ ኮንክሪቱን ራሱን ውሃ የማያሳልፍ ማድረግ፣ ወይም የሚገባውን ውሃ በክፍተት ተቀብሎ ማስወጣት። አደጋው ከበዛ ሁለቱን ማጣመር ይመክራሉ። ደግሞም ክፍሉ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ እንዲወሰን ይጠይቃሉ፤ ለመኪና ማቆሚያ የሚታለፍ እርጥበት ለመጋዘን አይታለፍምና።

እኔ በየአንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ሲበላሽ ማን ይደርስበታል?

የሬንጅ ሜምብሬን ከውጭ፦ ውሃው ራሱ ወደ ግድግዳው ስለሚጫነው ቦታው ትክክል ነው። ግን አንድ ቀዳዳ ከኖረው ውሃው ከጀርባው ሾልኮ ሌላ ቦታ ይወጣል። የታየበትና የገባበት ስለማይገናኙ ለመጠገን ግድግዳውን በሙሉ መቆፈር ነው። አይደረስበትም።

የሚቀባው የሲሚንቶ ውህድ፦ በሁለት ቅብ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ለውሃ ታንከርና ለሽንት ቤት ወለል እወደዋለሁ፤ ውስጡ ገብተህ ትጠግነዋለህ። በሚያብጥና በሚሰበሰብ ዋልካ ለሚገፋ ግድግዳ ግን፣ ስንጥቁ ከሰፋ አብሮ ይሰነጠቃል።

ከኮንክሪቱ ጋር የሚጨመረው፣ ክሪስታል የሚያበቅለው ዱቄት፦ ኮንክሪቱ ውስጥ ውሃ ሲያገኘው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነን የፀጉር ስንጥቅ ይዘጋል። በደንብ ባልተጠቀጠቀ ኮንክሪት ውስጥ የቀረን ባዶ የጠጠር ጎጆ ግን አይሞላም።

ፓምፕ፦ ይደረስበታል፤ ነገር ግን ዝናብ ሲጥል መብራት መጥፋቱ እዚህ አገር ለማን ይነገራል? ዋና መከላከያው ፓምፕ የሆነ ቤዝመንት ጄኔሬተር ላለው ሰው ነው የሚያዋጣው።

የጠጠር መጋረጃና ቀዳዳ ያለው ቱቦ፦ ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ወርዶ ይወጣል። በየጥጉ ወደ ላይ የሚወጣ ክዳን ያለው ቱቦ ካቆምንለት በየዓመቱ በውሃ ግፊት ይታጠባል። ይደረስበታል።

እንግዲህ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አንደኛ ውሃው ከግድግዳው ጀርባ እንዳይቆም ማስወጫ፣ ሁለተኛ በደንብ የተሠራ ኮንክሪት፣ ሦስተኛ ከውጭ ሜምብሬን። የሚታጠበው ለማይደረስባቸው ሁለቱ ሸክም ያቀልላቸዋል።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ከጋሼ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠን ሒሳቡን አየነው። «ሁለት ሦስት ነገር ከምንደራርብ አንዱን ውድ አድርገን እንግዛው» አሉ። የጠጠሩና የቱቦው ዋጋ ነው ያስከፋቸው፤ ሜምብሬን በዓይን ይታያል፣ ጠጠር ግን ገንዘብን መቅበር ይመስላል። «ጋሼ፣ አንዱን አስቀር ቢሉኝ የማስቀረው ሜምብሬኑን እንጂ ማስወጫውን አይደለም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ሻጩ እኮ የ10 ዓመት ዋስትና በወረቀት እሰጣለሁ ብሏል» አሉ።

ወረቀቱን አነበብነው። የሚሸፍነው የዕቃውን ጥራት ነው፤ አገጣጠሙን፣ የአፈር አመላለሱን፣ የተበላሸውን ሰሊጥ አይሸፍንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3039 ተቋራጩን ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራው ዋስ ያደርገዋል፤ ከሻጩ ወረቀት ይህ ይበልጣል። ተቋራጩ አጠገባችን ተቀምጦ ነበርና ይህን ስናገር ሲኒውን አስቀመጠ። ለእሱም የሚጠቅመው ማስወጫው ነው አልኩት፤ 10 ዓመት ሙሉ ለማይደርስበት ግድግዳ ዋስ ከሚሆን።

ጋሼ በመጨረሻ «ወረቀት ሰሊጤን አያደርቅልኝም፤ ጠጠሩን አምጡ» ብለው ተነሡ።

ግንቦት 13፣ ማክሰኞ

የወለሉ ኮንክሪት ዛሬ ተሞላ። ሰው ውሃ መከላከያን ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አድርጎ ያስባል፤ ትልቁ ክፍል ግን የሚወሰነው ሚክሰሩ አፍ ላይ በቆመው ልጅ ባልዲ ነው። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ የፈቀድኩት ውሃ 22 ሊትር ተኩል ነው፤ አሸዋው የያዘው እርጥበትም ከዚሁ ይቀነሳል። ልጁ ጠዋት ልኩን ጠብቆ ጀመረ። ፀሐይ ሲወጣ ጋሪ ገፊዎቹ «ደረቀ፣ አይፈስም» እያሉ ጮኹበት፤ እሱም ዓይኔን ጠብቆ ጨመር ማድረግ ጀመረ። ትርፉ ውሃ ሲተን በኮንክሪቱ ውስጥ ቀጫጭን መንገድ ትቶ ይሄዳል፤ በክረምት ሌላ ውሃ በዚያው ይመለሳል። ባልዲውን ቀምቼ ከንፈሩ ላይ በሬንጅ መስመር አሰመርኩበት፤ የማቅጠኛ ኬሚካሉንም ለፎርማኑ በእጁ ሰጠሁት። እንዲፈስ ከተፈለገ በዚያ ይፍሰስ።

ከወለሉ ሥር የጠጠር ንጣፍ፣ በላዩ ስስ ኮንክሪት፣ ከዚያ ተደራርቦ የተነጠፈ ወፍራም ፕላስቲክ አለ። ተቋራጩ ወለሉን እንዳሳሳው ጠይቆኝ ነበር። በክረምት ከሥር ከፍ የሚል ውሃ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የአንድ ሜትር ውሃን ግፊት በክብደቱ ብቻ ለመመለስ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ያስፈልጋል። እኛ ስስ ወለል መሥራት የምንችለው ከሥሩ ያለው ጠጠር ውሃውን እያወጣ እስከሆነ ድረስ ነው። አሁንም ነገሩ ወደ ማስወጫው ይመለሳል።

ማታውን ጆንያ አልብሰን አረጠብነው። በዚህ ፀሐይ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ዘበኛውን በየሦስት ሰዓቱ ውሃ አጠጣ አልኩት፤ «እንደ ሽንኩርት ማሳ» ብሎ ሳቀ፤ ግን አጠጣ።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

የግድግዳው ካሳፎርማ ቆመ። ቤዝመንት የሚያፈሰው በሰፊው ግድግዳ መሐል አይደለም፤ በመገጣጠሚያው፣ በቱቦ ማለፊያውና በሽቦ ቀዳዳው ነው። ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዋተርስቶፕ የሚባለው የውሃ መግቻ ጥብጣብ ተቀብሯል፤ ግማሹ ወለሉ ውስጥ፣ ግማሹ ግድግዳው ውስጥ። ፌራዮው ፌሮ ሲያስር አጎንብሶት ስላገኘሁት አስነሥቼ በሽቦ ከፌሮው ጋር አሳሰርኩት፤ የታጠፈ ዋተርስቶፕ ከሌለው አይሻልም።

ሁለቱን ጣውላ የሚያያይዘው ጥቁር ሽቦ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ይበሳል። ካሳፎርማው ሲነሣ ጫፉን ቆርጦ መተው ልማድ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ግን ዝጎ ሲያልቅ የውሃ ክር ይሆናል። ከሁለቱም ወገን ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጠርበን፣ ሽቦውን ከውስጥ ቆርጠን፣ በማይሰበሰብ ሞርታር እንድንደፍነው ተስማማን። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ «ቱቦዬን በኋላ በድሪል በስቼ አሳልፈዋለሁ» ብሎ መጣ። ከመሬት በታች ምንም ቱቦ በጀርባው ግድግዳ አያልፍም፤ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ በዚያ ይዙር።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ሜምብሬን የሚለጥፈው ባለሙያ ከጎንደር መጥቷል፤ ልጅ እግር ነው፣ ግን እጁ የለመደ። ከንጋቱ ጀምረን አራት ሰዓት ላይ አቆምን፤ ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ግድግዳ አያስጠጋም። መጀመሪያ ግድግዳው በብረት ብሩሽ ተጠርጎ ስስ የሬንጅ ቅብ ተቀባ። ግድግዳውና የወለሉ ጠርዝ የሚገናኙበት ጥግ በሞርታር ተጠጋግቷል፤ ሜምብሬን ቀጥ ባለ ማዕዘን ከታጠፈ እዚያው ይሰበራል። ከዚያ ጥቅሉ እየተፈታ በጋዝ ማቃጠያው እየቀለጠ ተለጠፈ፤ ጎን ለጎን 10፣ ጫፍ ለጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር እየተደራረበ።

ልጁን መገጣጠሚያው መያዙን በምን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። «ጠርዙ ላይ ሬንጁ እንባ ያወጣል፤ እንባ ካላየሁ አልተያዘም» አለኝ። እውነትም በመገጣጠሚያው ሁሉ አንድ ጥቁር ክር ወጥቶ ደርቋል። ሁለት ቦታ ላይ ክሩ ተቋርጦ ስላገኘው የማንኪያውን ጫፍ እያስገባ መረመረው፤ አንዱ ተከፈተና እንደገና አሞቀው። ያ ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት ነገ ከአፈር በታች ነው።

ከሰዓት በኋላ መኪናው የቁፋሮውን ዋልካ ከነድንጋዩ መልሶ ሊገለብጥ ሲጠጋ በሩጫ አስቆምኩት። አንድ ሹል ድንጋይ የሳምንቱን ሥራ ይቀደዋል። ሜምብሬኑ ላይ መከላከያ ሰሌዳ ይደገፋል፤ ከዚያ የጠጠር መጋረጃ፣ አፈሩ ገብቶ እንዳይደፍነው በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ተጠቅልሎ፤ ከዚያ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ። ዋልካው ከግድግዳው ይራቅ፤ ሲርስ አብጦ ይገፋል። ከሁሉ በላይ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ማዞሪያ ይመጣል።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ባለፈው ቅዳሜ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በደረሰው የባለሥልጣናት ግድያ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ኢንተርኔት የለም። የማሸጊያውን መመሪያ ከስልኬ ልከፍት ብል አልሆነም፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን በመነጽር እያነበብን ሠራን። ጥቂት የቱቦ ክዳኖች ደባርቅ ቀርተውብናል፤ ሊማሊሞ ላይ ጉሙ ወርዷል፣ ሾፌሮቹ መውረድ አልቸኮሉም።

ሥራ ስለቀዘቀዘ ከፎርማኑ ጋር ለወልቃይት ስኳር ልማት ስለሚሠራው የዛሬማ ሜይ ዴይ ግድብ አወራን። የግድቡ አካል የድንጋይ ሙሌት ነው፤ ውሃውን የሚያስቆመው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የአስፋልት ግድግዳ ነው። ፎርማኑ «ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሐል ከተሰነጠቀ ማን ይደርስበታል?» አለኝ፤ ጥያቄዬን ተምሮብኛል። ማንም አይደርስበትም፤ ስለዚህም ነው አስፋልት የሚመረጠው። ሬንጅ የበዛበት አስፋልት ድንጋዩ ሲረጋ አብሮት ይጎብጣል እንጂ እንደ ኮንክሪት ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ትንሽ ስንጥቅ ቢያገኘው በራሱ ክብደት መልሶ ይገጥማል። እንዲህ ያሉ ግድቦች ከአስፋልቱ ወዲህ ያለፈውን ውሃ የሚቀበልና የሚያስወጣ የጠጠር ክፍልም አላቸው። በወንዝ ልክ የተሠራውና የእኛ መጋዘን በመጠን አይገናኙም፤ ሐሳባቸው ግን አንድ ነው፦ የማይደረስበት ቦታ የሚገባ ነገር ይቅር ባይ ይሁን፣ ያልቻለውን የሚቀበልም ከጎኑ ይኑር።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ከጀርባው ግድግዳ በፊት የሄድኩት ወደ ማስወጫው አፍ ነው። በቁልቁለቱ በኩል ያለው ቱቦ የክንድ ያህል ውሃ ይተፋል፤ በመጀመሪያው ዝናብ የደፈረሰ ነበር፣ ዛሬ ግን በብርጭቆ ቀድቼ ሳየው ጠርቷል። ይህን በጣም ነው የምከታተለው። ለጥቂት ቀን መደፍረሱ ያለ ነው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ደፍርሶ ከቀጠለ ግን ጨርቁ ተቀድዶ አፈሩ እየታጠበ ነው፣ ከማዞሪያው ሥርም ባዶ ጉድጓድ እየተፈጠረ ነው ማለት ነው።

የጎረቤታችን ጉድጓድ ውሃ ወደ አረንጓዴው መስመር ተጠግቷል። በጥጉ ባቆምነው ባለ ክዳን ቱቦ ውስጥ ክብደት ያሰርኩበትን ሲባጎ ስሰድ ግን ውሃው ከወለላችን በታች ነው። ውስጥ ገብቼ የጀርባውን ግድግዳ በመብራት ዳሰስኩት። በአንድ የሽቦ ድፍን ዙሪያ የሳንቲም ያህል የጠቆረ እርጥበት አለ፤ አይንጠባጠብም። ከውስጥ ስለሚደረስበት ሲደርቅ ጠርበን በመርፌ ማሸጊያ እንሞላዋለን።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ፤ ደባርቅ

ጋሼ «ለዚህኛውም ያንኑ ጥቁሩን እናድርግለት» ብለው የደባርቅ ቤታቸውን ጣሪያ አሳዩኝ። ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ ነው፤ መሐሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል፣ የአሸንዳው አፍ በቅጠልና በፕላስቲክ ተወትፏል። የዕቃ ምርጫ ሳያስፈልግ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ቅጠል በእጅ ማውጣት ነበር፤ ኩሬው ግማሹ ሄደ።

ጣሪያ ከቤዝመንት ሌላ ነው። በላዩ ውሃ አይጫንበትም፣ ማለፍ ብቻ ነው ያለበት፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቢያንስ ከመቶ ሁለት ያህል ማዘንበል። ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ ያፈራርቁታል፤ በደባርቅ ከፍታ በብርድ የማይደርቅ፣ ላስቲክነት ያለው የሬንጅ ዓይነት ይሻላል። ደግሞም ማንም ወጥቶ ያየዋል። እዚህ ርካሽ ነገር መርጦ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ስንፍና አይደለም። ሥራው ሲያልቅ አሸንዳውን ደፍኖ ለአንድ ሁለት ቀን ውሃ አቁሞ መፈተንም ይቻላል። ለቤዝመንት ይህን ፈተና ማን ይሰጥሃል?

የላሊበላ ነገር ለዚህ ይጠቀሳል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ዝናብ እንዳያስገቡ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። ድንጋዩ ግን ከራሱ ከተራራው ጋር የተያያዘ ነውና ከሥር የሚመጥጠው እርጥበት ከቅቡ ኋላ ታሰረ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ጥገና ያንን ቅብ አነሣው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትላልቆቹ መጠለያዎች ቆሙ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይነኩ ዝናቡን ከላይ ያስቀራሉ፣ ግን የከተማው ሰውና ካህናቱ ስለ ክብደታቸውና ስለ ነፋሱ ስጋታቸውን ማሰማት አልተዉም። መጠለያ ይነሣል፤ የተቀባም ተፍቆ ተነሥቷል፣ ቢያስቸግርም። በሁለቱም መመለስ ይቻላል።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ትናንት ዘበኛው «ግድግዳው አልቦታል፣ ፈሷል» ብሎ ደወለ። ሄጄ ሳይ የውስጡ ግድግዳ ሁሉ፣ ከመሬት በላይ ያለው የፊቱ ክፍል ሳይቀር፣ በስሱ ረጥቧል። ከውጭ ቢሆን ኖሮ በጀርባው በኩል ብቻ፣ ያውም በአንድ ቦታ ይጀምር ነበር። አንዱን ቦታ አድርቄ፣ ክንድ በክንድ ፕላስቲክ ቆርጬ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር ለጠፍኩት። ዛሬ ከፕላስቲኩ ላይ ጠል ቆሟል፣ ከሥሩ ግን ኮንክሪቱ ደረቅ ነው። ውሃው ከአየሩ ነው፦ የቀኑ እርጥብ ሙቀት በክፍት በሩ ገብቶ ቀዝቃዛ ግድግዳ ያገኛል። ለዚህ ዋተርፕሩፍ አይፈይድም፤ እንዲያውም ሰው ይህን አይቶ ነው ሁለተኛ ቀለም የሚገዛው። ከላይና ከታች ትይዩ የአየር መግቢያና መውጫ እንከፍታለን፤ የሰሊጡ ጆንያ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ይደረደራል።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

ጋሼ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ደስ ብሏቸው ደወሉ። ክረምቱን ደርቆ መክረሙን ያየ አንድ ተከራይ ቤዝመንቱን ለወረቀትና ለኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ሊይዘው ነው፤ ኪራዩ ከሰሊጡ መጋዘን ይሻላል። «ያው ውሃ አይገባም አይደል?» አሉኝ።

አይገባም። ነገር ግን የመረጥነው ለሰሊጥ ነው፤ ርብራብ ላይ ለተቀመጠ፣ አየር ለሚናፈስለት፣ ትንሽ እርጥበት ቢታይ ተነሥቶ ለሚዛወር ዕቃ። ሰው የሚውልበትና ወረቀት የሚያድርበት ክፍል ደረጃው ሌላ ነው፤ ግድግዳውን በእንጨትና በቦርድ ሲሸፍኑት ደግሞ ዛሬ በመብራት የምንዳስሰው ግድግዳ ነገ የማይደረስበት ይሆናል። በስልክ ሦስት ነገር ነገርኳቸው፤ በጽሑፍም እልክላቸዋለሁ። አንደኛ፣ ከግድግዳው ፊት የሚቆመው ሽፋን ከኋላው ሰው የሚያልፍበት ክፍተትና ከወለሉ ሥር የውሃ መስመር ይኑረው። ሁለተኛ፣ አየሩ በማራገቢያ ይውጣ። ሦስተኛ፣ የማስወጫ ቱቦውን በየግንቦቱ የማጠብ ግዴታ በኪራይ ውሉ ላይ በስም ይጻፍ፤ አከራይም ተከራይም «የእሱ ነው» እንዳይሉ።

«ሦስቱን ካላደረግሁስ?» አሉ።

«ሰሊጥዎን ይመልሱበት» አልኳቸው። ውሉን ሳይፈርሙ እንዲያሳዩኝ ተስማማን።